ዋና ገጸ ባሕርይ የሌለው የዞምቢ ልቦለድ፦ ያስፈርዳል ወይስ ከፍርድ ያሸሻል?

የክርክሩ መነሻ

በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው የማክስ ብሩክስ «ወርልድ ዋር ዚ» ስለ ዞምቢ ከተጻፉት ልቦለዶች በአወቃቀሩ ለየት ያለ ነው። ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ያሳደዱበት ጦርነት ካበቃ ከዓመታት በኋላ፣ አንድ የተባበሩት መንግሥታት የድኅረ ጦርነት ኮሚሽን ባልደረባ ከአገር አገር እየተዘዋወረ ከእልቂቱ የተረፉትን ያነጋግራል። ወታደሩ፣ ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ ስደተኛው በየተራ ይመሰክራሉ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አብረነው የምንዘልቅ ዋና ገጸ ባሕርይ ግን የለም። ከታሪኮቹ ሁሉ ብዙ ሲያነጋግር የኖረው በደቡብ አፍሪካ የተወለደው «የሬዴከር ዕቅድ» ነው፦ መንግሥት ጥቂቱን ሕዝብ ተፈጥሮ ራሷ ወደ መሸገችው ስፍራ ይወስዳል፤ ከቀረው ሕዝብ ከፊሉን በየቦታው ለይቶ በመተው ዞምቢዎቹ ከተከለለው ስፍራ ይልቅ በእርሱ ላይ እንዲያተኩሩ ያደርጋል። ጥያቄው ይህ ነው፦ የብዙ ምስክሮች አተራረክ መጽሐፉን አጠንክሮታል ወይስ ደራሲው እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ ሳይፈርድ እንዲያልፍ መሸሸጊያ ሆኖታል?

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦

እኔ መሸሸጊያ ሆኖታል ከሚሉት ወገን ነኝ። በዚህ መጽሐፍ የሚናገር ሰው ሁሉ ከእልቂቱ እንደተረፈ አስቀድመን ስለምናውቅ፣ የዚህ ዓይነት ልቦለድ የሚቆምበት «ይተርፍ ይሆን?» የሚለው ጭንቀት ከመነሻው የለም። በጭንቀቱ ፈንታ የገጸ ባሕርይ ዕድገት ቢኖር ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን አንዱን ምስክር ለመውደድ ወይም ለመጥላት ፋታ ሳናገኝ ሌላው ይተካል። ድምፆቹም ይመሳሰላሉ። የቻይናው ሐኪም፣ የኩባው ባለሀብት፣ የሩሲያዋ ወታደርና የአሜሪካው እግረኛ በአንድ ዓይነት ምሬት ይናገራሉ፤ ስማቸውንና አገራቸውን ብንሸፍነው የትኛው የማን ቃል እንደሆነ መለየት የሚቸግርባቸው ገጾች ጥቂት አይደሉም። የሴቶቹ ምስክርነት ማነሱንም ሳልጠቅስ አላልፍም።

ወደ ሬዴከር ስመጣ ቅሬታዬ ይበረታል። አንድ ሰው ሚሊዮኖችን ለሞት የሚዳርግ ሰነድ ይጽፋል፤ መንግሥታት ሰነዱን እየቀዱ ይተገብሩታል፤ ደራሲው ግን አንዱን ምስክር አናግሮ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዋና ገጸ ባሕርይ ቢኖር ኖሮ በዚያ ዕቅድ ምክንያት እናቱን ወይም ልጁን ባጣ ነበር፣ ደራሲውም ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን በታሪኩ ሂደት ለማሳየት በተገደደ ነበር። ምስክሮች ሲበዙ ኃላፊነቱ ተበተነ።

የታሪክ ተመራማሪ፦

መምህር፣ ስለ ድምፆቹ መመሳሰል የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ የመጽሐፉ እውነተኛ ድክመት እርሱ ነው። ስለ አወቃቀሩ ግን አልስማማም። ብሩክስ ይህን ቅርጽ የወሰደው አሜሪካዊው ጸሐፊ ስተድስ ተርክል በ1984 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቃል ታሪክ፣ ማለትም ከዐይን ምስክሮች አፍ ከተሰበሰበ ታሪክ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። የመግቢያውን ገጾች መለስ ብለው እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። ጠያቂው የሰበሰበው ቃል ለኮሚሽኑ በቀረበ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ከዘገባው ተሰርዟል፤ የተሰረዘበትም ምክንያት ስሜትና የግል አስተያየት በዝቶበታል፣ ኮሚሽኑ የሚፈልገው ደረቅ መረጃና አኃዝ ብቻ ነው የሚል ነበር። እኛ የምናነበው ያ የተጣለው ክፍል ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ገና ሲጀምር አንድ ፍርድ ፈርዷል፦ ሰው በአኃዝ ብቻ ከተመዘገበ ሁለተኛ ይሞታል ብሏል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታውን የኅዳር በሽታ እኔ ያወቅሁት ከአያቴ አፍ ነው፤ እርሷም የሰማችው ከእናቷ ነበር። የነገረችኝ የሟቾችን ብዛት አልነበረም፤ ቀባሪ ስለ ጠፋበት ቤት፣ ለቅሶ ስለ ቀረበት ሰፈር ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል ያ ትዝታ ከእኛ ጋር አለ፣ ዋና ገጸ ባሕርይ ግን የለውም። ወረርሽኝ በአንድ ሰው ታሪክ አይጠቀለልም፤ ደራሲው ይህን ስለተረዳ ሊመሰገን ይገባዋል።

ወጣት አንባቢ፦

ዋና ገጸ ባሕርይ ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያስፈልገንም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ብራድ ፒት የተወነበት ፊልም ወጥቶ አይተነዋልና። በፊልሙ አንድ ጀግና ከአገር አገር እየበረረ መፍትሔውን ራሱ ያገኛል፤ በመጽሐፉ እግራቸውን እየጎተቱ የሚመጡት ዞምቢዎችም በፊልሙ እንደ ጎርፍ ይሮጣሉ። ሁለት ሰዓት ልብ አንጠልጥሎ ያሳለፈኝ ፊልም ነው፤ ከመጽሐፉ የቀረው ግን ከርእሱ ብዙም አይበልጥም።

የዮንከርስን ውጊያ ለማስረጃ ልጥቀስ። የአሜሪካ ጦር በኒው ዮርክ አጠገብ ታንኩን፣ ሮኬቱንና የቴሌቪዥን ካሜራውን ደርድሮ ለሕዝቡ ድል ሊያሳይ ይወጣል። ቶድ ዌይንዮ የተባለው እግረኛ ወታደር ሲመሰክር፣ ያ ሁሉ የጦር መሣሪያ የተሠራው የሚፈራ፣ የሚደማና የሚሸሽ ጠላት ይኖራል ተብሎ እንደነበር ያስረዳል፤ ከፊታቸው የመጣው ጭፍራ ግን አይፈራም፣ ደም ፈስሶት አይወድቅም፣ ጭንቅላቱ ካልተመታ አይቆምም። ጥይቱ አልቆ ጦሩ ሲፈርስ አገር በካሜራ ይመለከታል። ይህን የሚተርክልን ጄኔራል ቢሆን ኖሮ ሰበብ በሰማን ነበር። ቦይ ቆፍሮ የተቀመጠ አንድ ወታደር በመሆኑ ግን ውርደቱን ከሥር አየነው፣ ደራሲውም «የጦር አዛዦቹ ተሳስተዋል» የሚል አንዲት ዐረፍተ ነገር መጻፍ አላስፈለገውም። መምህር ፍርድ የለም ሲሉ እኔ በዚህ ገጽ ላይ ፍርድ አያለሁ።

ነርስ፦

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም፤ መጽሐፉን ያነበብሁትም በ2013 ዓ.ም. በአንድ የኮቪድ ሕክምና ማእከል ከሠራሁ በኋላ ነው። ሁለት ነገሮች ከአእምሮዬ አልወጡም። የመጀመሪያው «የአፍሪካ ራቢስ» የሚለው ስም ነው። በልቦለዱ በሽታው ከቻይና ተነሥቶ ሳለ፣ ዓለም በግልጽ የሰማው ወረርሽኝ በደቡብ አፍሪካ ስለነበረ ብቻ በአህጉራችን ስም ተጠራ፤ በእብድ ውሻ በሽታ ስምም ፋላንክስ የተባለ የማይሠራ ክትባት ተሸጠ፤ የሸጠው ነጋዴ ደግሞ ከእነ ሀብቱ አንታርክቲካ ላይ ተደብቆ ምንም ሳይጸጸት ቃሉን ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታዎች በአገርና በሕዝብ ስም እንዳይጠሩ መመሪያ ያወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልቦለዱ ከዚያ በፊት 9 ዓመት ቀድሞ ጉዳዩን ማንሣቱ አስደንቆኛል።

ሁለተኛው ሬዴከር ነው፤ በዚህ ከሁላችሁም ልለይ እችላለሁ። ኦክስጅን ሲያንስ፣ አንድ ማሽን ቀርቶ ሁለት ሰው ሲጠብቀው፣ የመዳን ተስፋው የበለጠውን መምረጥ በሙያችን የታወቀ አሠራር ነው። በዚያ ማእከል ውስጥ አንድ ሌሊት እንዲህ ያለው ምርጫ ሲደረግ ቆሜ አይቻለሁ፤ ያልተመረጡት አባት የልጃቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ስለዚህ ሬዴከርን አውሬ ነው ብዬ ለመጥራት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ሁሉን ለማዳን የሞከረ መንግሥት ሁሉን ባጣ ነበር፤ መጽሐፉም ይህን አልደበቀም።

የሕግ ባለሙያ፦

እኅቴ፣ ያዩትን ላየ ሰው ከፍ ያለ አክብሮት አለኝ፤ ሁለቱ ነገሮች ግን በሕግም በሕሊናም አንድ አይደሉም። እርስዎ የተናገሩት ምርጫ ያነሰን ነገር ማከፋፈል ነው፤ ያልተመረጡት አባት የሞቱት በበሽታው ነው እንጂ የእርሳቸው ሞት ለሌላው መዳኛ መሣሪያ ተደርጎ አልታቀደም። የሬዴከር ዕቅድ ግን ሰዎቹን ትቶ በመሄድ ብቻ አያበቃም። የተተዉት እንደ ማጥመጃ እንዲያገለግሉ፣ በሕይወት ቆይተው ዞምቢዎቹን ወደ ራሳቸው እንዲስቡ ያስባል፤ ሲቻልም ስንቅ የሚላክላቸው ለዚሁ ነው። ይህ ሰውን ዕቃ ማድረግ ነው። ዕቅዱ ከየት እንደመጣም እናስታውስ፦ መጀመሪያ የተነደፈው ለአፓርታይድ መንግሥት ነበር፤ ዓላማውም ጥቁሩ ሕዝብ ቢነሣ ጥቂት ነጮች እንዴት ሊተርፉ እንደሚችሉ ማስላት ነበር። ሬዴከር ያንኑ ስሌት አውጥቶ ጠላቱን ቀየረ።

ከዚያም አፓርታይድን ታግለው የጣሉት አረጋዊ መሪ ሰነዱን ተቀብለው ሬዴከርን ያቅፉታል። ብዙ አንባቢዎች ይህን ገጽ እንደ ይቅርታ ሲያነቡት አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ትዕይንቱ በዚያ አያበቃም። በሮበን ደሴት ተቀምጦ የሬዴከርን ታሪክ የሚተርክልን፣ ዞሌልዋ አዛንያ የተባለው ሰው፣ በመጨረሻ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ታካሚ ሆኖ ይገኛል፤ እርሱም ራሱ ሬዴከር ነው። የገዛ ሥራውን መሸከም አቅቶት ሌላ ሰው ሆኗል፣ ስለ ራሱም እንደ ባዕድ ያወራል። መምህር ከጠየቁት ፍርድ ይህ ምን ጎደለው? ዋና ገጸ ባሕርይ ባለው ልቦለድ ውስጥ ቢሆን ይህን ምሥጢር ከመጀመሪያው ባወቅነው ነበር። ምስክሩን አምነን፣ ከእርሱ ጋር ሆነን «ሌላውን» ስናወግዝ ቆይተን፣ በመጨረሻ ማንን ስንሰማ እንደነበር ስናውቅ ነው የምንደነግጠው። ይህ ከቃል ምስክርነት ቅርጽ ውጪ ሊሠራ የሚችል አይመስለኝም።

በጀርመን ስለ ሆነውም አንድ ነገር ልጨምር። ፊሊፕ አድለር የተባለው መኮንን በሐምቡርግ አጠገብ ሲቪሎቹን ትቶ እንዲያፈገፍግ ከጄኔራሉ ትእዛዝ ይደርሰዋል፤ ትእዛዙን ይፈጽማል፣ ከዚያ በኋላ ጄኔራሉ ራሱን እንዳጠፋ ይሰማል። ትእዛዙን ያወጣው ሞቶ አረፈ፣ የፈጸመው ግን ቆሞ ለመኖር ተፈረደበት። ዕቅዱ አገር አድኗል ብሎ ማን ይከራከራል? ያዳነበትን ዋጋ ማን እየከፈለ እንደሚኖር ግን ደራሲው እየቆጠረ ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦

የሮበን ደሴቱን መጨረሻ በሚገባው ጥንቃቄ እንዳልመዘንሁት አምናለሁ፤ በዚያ ምዕራፍ ቅርጹ ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን ጥያቄዬን ከዚሁ ከሕግ ባለሙያው ቃል አነሣዋለሁ። ዕቅዱን ያወጣው ሰው ተናገረ፤ የፈጸመው መኮንንም ተናገረ። በደቡብ አፍሪካ እንደ ማጥመጃ የተተወው ሰው የት አለ? በዚያ አገር ምዕራፎች ውስጥ እርሱን ፈልጌ አላገኘሁትም። የተረፉትን ብቻ የሚያናግር መጽሐፍ፣ ሁሉን ሰው አናግሯል የሚል ስሜት ፈጥሮ፣ ዝም ያሉትን ሁለተኛ ያስረሳል። አያታቸው ስለ ነገሯቸው ቤት ያወጉን ተመራማሪ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፦ ቀባሪ ስላጣው ቤት የሚነግረን ጎረቤቱ ነው እንጂ የቤቱ ሰው አይደለም።

የታሪክ ተመራማሪ፦

ይህ ከሰማኋቸው ነቀፋዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ የቃል ታሪክ ሠራተኛ ሁሉ የሚኖርበት ችግር ስለሆነም በጥቂት ቃል ላልፈው አልሻም። የቤላሩሷ ጸሐፊ ስቬትላና አሌክሲየቪች ስለ ቼርኖቢል የኑክሌር አደጋ የሰበሰበችው ምስክርነት ከዚህ ልቦለድ በጣም ይለያል፣ የእርሷ ተናጋሪዎች እውነተኛ ሰዎች ናቸውና፤ እርሷም ብትሆን ግን የሟቹን ቃል ከሚስቱ አፍ ከመቀበል ሌላ መንገድ አላገኘችም።

ብሩክስ ወደ ተተዉት ሰዎች የቀረበበት አንድ ቦታ ግን አለ። ክሪስቲና ኤሊዮፖሊስ የተባለችው አብራሪ በአሜሪካ ውስጥ ለተገለሉት ስፍራዎች ስንቅ በምታደርስበት በረራ አውሮፕላኗ ሉዊዚያና ላይ ይወድቃል። ብቻዋን በረግረጉ ስትጓዝ በሬዲዮ የምትሰማት አንዲት ሴት እስክትድን ድረስ ትመራታለች፤ በኋላ ሐኪሞቹ ያቺ ሴት ኖራ እንደማታውቅ ይነግሯታል፣ እርሷ ግን አትቀበላቸውም። ይህን ምዕራፍ ከሬዴከር ጎን አስቀምጠው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። አንደኛው ሰዎቹ እንዲተዉ የጻፈ ነው፣ ሁለተኛዋ ለተተዉት እህል የጫነች ናት፤ ሁለቱም ብቻቸውን ሊሸከሙት ያልቻሉትን ነገር የሚሸከም ሌላ ሰው በአእምሯቸው ፈጥረዋል። በመጽሐፉ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ አይገናኙም፣ ጠያቂውም አያገናኛቸውም፤ ሥራውን ለእኛ ትቶታል።

ነርስ፦

ኤሊዮፖሊስን ሳነብ ያለቀስሁት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር። ለሕግ ባለሙያውም መልስ አለኝ፦ ማጥመጃ ማድረግና ማከፋፈል ይለያያሉ ያሉትን ተቀብያለሁ፣ በዚህ አርመውኛል። መምህር፣ በዚያች ሌሊት ስለ ተጠራው ስም ግን የምናገር እኔ ብቻ ነኝ፤ የአባትየው ቃል በየትኛውም መዝገብ አልገባም፣ በመዝገቡ ያለው የገቡበትና ያረፉበት ሰዓት ነው። ሌላ ምስክር ስለሌላቸው እኔ ዝም ልበል?