«ዊካ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? «ጠንቋይ» ልክ አይመስለኝም

ፊደል ወዳጇ (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት ሆስፒታል ታካሚ ሲገባ የሚሞላው ቅጽ ወደ አማርኛ እየተመለሰ ነው። ከአራሚዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። «ሃይማኖት» ከሚለው ሥር ኦርቶዶክስ፣ እስልምና፣ ፕሮቴስታንት እያለ ይወርድና «ዊካ» እና «ፔገን» ላይ ይደርሳል። የመጣልኝ ረቂቅ እነዚህን ሁለቱን «ጠንቋይ» እና «አረማዊ» ይላቸዋል።

ሳነበው ደነገጥኩ። የሌሊት ተራ አብራኝ የምትሠራ ባልደረባዬ ዊካ ናት። ታካሚ ሲሞትብን ከኔ እኩል የምታለቅስ ሰው ናት። ታማ ብትገባ «ጠንቋይ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት አድርጊ ልላት ነው? እባካችሁ የተሻለ ቃል ካላችሁ ወዲህ በሉኝ።

አባ ሰዋስው፦

እህቴ፣ «ጠንቋይ»ን ሰርዢው። ይህን የምልሽ ለይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ትርጉሙም አይገጥምም።

በአማርኛ ጠንቋይ ደንበኛ አለው። «ጠንቋይ ቤት ሄደ» እንላለን። ዕቃ የጠፋበት፣ ልጅ የታመመበት፣ ትዳር እምቢ ያለው ይሄዳል። ከፍሎ ይጠይቃል፣ ተነግሮት ይመለሳል። ሞራ ገላጩም፣ ኮከብ ቆጣሪውም፣ መተተኛውም እንደዚያው ናቸው። ክፉ ስም ያለው ሙያ ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም። ዊካ ግን አምልኮ ነው። አማልክት አሉት፣ በዓላት አሉት፣ ሥርዓት አለው። በጋርድነር ወግ እንዲያውም አዲስ ሰው ወደ ማኅበሩ ለማስገባት ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። ደንበኛ የሌለውን ሰው እንዴት ጠንቋይ እንለዋለን?

ጋርድነር ያልኩሽ ዊካን ለአደባባይ ያበቃው ጄራልድ ጋርድነር ነው። በ1884 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) እንግሊዝ አገር ተወለደ፤ በዛሬዋ ማሌዢያ በጉምሩክ ሠርቶ ጡረታ ወጣና ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1939 ኒው ፎረስት በሚባለው አካባቢ አንድ የምስጢር ማኅበር ተቀበለኝ ይላል። ስለዚሁ እምነት መጽሐፍ በግልጽ ያሳተመው ግን በ1954 ነው። ያለምክንያት አልዘገየም። የ1735ቱ የእንግሊዝ የጥንቆላ ሕግ የተሻረው በ1951 ነው። ሕጉን ልብ ብለሽ እዪልኝ። ጥንቆላ በእርግጥ ይሠራል ብሎ አልነበረም የሚቀጣው። «ይህ ኃይል አለኝ» ብሎ ሰው የሚያታልለውን ነበር የሚከስሰው። ሕጉ የሚያውቀው ልክ የኛን ጠንቋይ ነው።

ቃሉም ራሱ የቆየ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዊካ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ የሚነበበው «ዊቻ» ተብሎ ነበር፤ ወንዱን ነው። ሴቷ «ዊቼ» ናት። የዛሬው «ዊች» የመጣው ከዚሁ ነው። የሃይማኖቱ ስም ሆኖ «ዊካ» ተብሎ መነበብ የጀመረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የሸዋ ልጅ፦

አባ፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ልሞግትዎት። እነሱ ራሳቸው «ዊች ነኝ» ይላሉ እኮ! ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚሉት። ታዲያ እኛ ስማቸውን ለምን እናለሰልሳለን? ሰው ራሱን የጠራበትን መተርጎም አይሻልም?

አባ ሰዋስው፦

ጥሩ ሙግት ነው ልጄ። ብዙዎቹ ይሉታል፣ እውነትህን ነው። የሚሉት ግን ስድቡን መልሰው የኔ ነው ለማለት ነው። ይህ የባለቤቱ መብት ነው። ቅጽ የሚያስሞላ ሆስፒታል ያንን መብት ከየት ያመጣዋል?

በዚያ ላይ እነሱ «ዊች» ሲሉ በአእምሯቸው ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ማርጋሬት መሪ የምትባል ምሁር በ1921 ባወጣችው መጽሐፍ በአውሮፓ ጠንቋይ ተብለው የተገደሉት ሰዎች የጥንት ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ አለች። ጋርድነርና ተከታዮቹ ይህን አምነው ተቀበሉ። በኋላ የታሪክ ምሁራን ማስረጃ የለውም ብለው ጣሉት። ሮናልድ ኸተን በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ዊካ እንግሊዝ ውስጥ በቅርቡ የተወለደ ሃይማኖት መሆኑን በዝርዝር አሳየ። እኔን የገረመኝ የዊካዎቹ ሁኔታ ነው። መጽሐፉን ገዝተው አነበቡት፣ ተከራከሩበት፣ ብዙዎቹም ተቀበሉት። «ሃይማኖታችን ወጣት ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ። የራሱን አመጣጥ እንዲህ ፊት ለፊት የሚመረምር አማኝ አከብራለሁ። በእምነት ከነሱ ጋር አንድ አይደለሁም፤ ንባባቸውን ግን እወድላቸዋለሁ።

ፊደል ወዳጇ፦

አባ እግዜር ይስጥልኝ። የሸዋ ልጅ፣ ያልከውን ባልደረባዬንም ጠይቄያት ነበር። «እኔ ብለው ያምርብኛል፤ ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ሲጽፍብኝ ግን ደስ አይለኝም» አለችኝ።

ቤቷ ጠርታኝ መሠዊያዋን አሳይታኛለች። አጭር ጠረጴዛ ናት። ሻማ፣ በሳህን ጨው፣ ውኃ፣ ዕጣን። መሐል ላይ እጀታው ጥቁር የሆነ፣ በሁለት በኩል ስለት ያለው ቢላ ተቀምጧል። «አታሜ» ይሉታል። ምን እንደምታርድበት ስጠይቃት በጣም ሳቀች። ምንም አይቆረጥበትም። ሥርዓቱ የሚደረግበትን ክብ በአየር ላይ የምታሰምርበት ብቻ ነው። ዳቦና ሽንኩርት የምትቆርጥበት ሌላ፣ እጀታው ነጭ የሆነ አላት። በሥርዓቱ መጨረሻ ኬክና ወይን ይቀመሳል፤ ከዚያ ትንሽ ይቀነስና ደጅ ወጥቶ መሬት ላይ ይፈሳል።

በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ፣ ሲጻፍ «ሳምሄይን»፣ ሲጠራ ግን «ሳውን» የሚባል የሙታን በዓል አላቸው። የእናቷን ፎቶ አውጥታ፣ ሳህን አስቀምጣላት፣ ዝም ብላ ራት ትበላለች። እኔ ተዝካር ነው የመሰለኝ።

ጥላዬ፦

ቃል ከተነሣ እኔም ልጨምር። የሥርዓት መጽሐፋቸው ስም ሲተረጎም «የጥላዎች መጽሐፍ» ነው። እያንዳንዱ ሰው በእጁ የሚገለብጠው ነው። በአማርኛ ግን ጥላ የብርሃን ግርዶሽ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሞገስ ነው። «ጥላው ይከብዳል» እንላለን፣ «ጥላ ቢስ» እንላለን። ቃል በቃል ስንመልሰው እንግሊዝኛው ያላሰበው ክብደት ይመጣል። እኔ ደስ ይለኛል፤ ተርጓሚ ግን ይወቀው።

«አስማት» የሚለውም እንዲሁ ነው። በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። የደብተራው ክታብ በምስጢር ስሞች የተሞላ ስለሆነ ነው ስሙ ለሥራው የቀረው። የጋርድነር ወግ ማኅበራትም የአማልክቶቻቸውን ስም ላልገባ ሰው አይናገሩም፤ ምለውበታል። ስለዚህ «ማጂክ»ን «አስማት» ብንለው ብዙ አንርቅም። «መተት» ግን ሰው መጉዳት ስለሆነ አይሆንም። የነሱ ዋና ሕግ «ማንንም ካልጎዳ፣ የፈቀዳችሁትን አድርጉ» ነው የሚለው። እንግሊዝኛው የሚጀምርባት «አን» የድሮ «ከሆነ» ናት። ብዙ ሰው ዘልሏት ያልፍና ሕጉ ልቅ ይመስለዋል። ሕጉ ያለው እሷ ላይ ነው።

አባ ሰዋስው፦

ግሩም ነው። «ፔገን» ቀረን፤ ዊካን ጨምሮ ከክርስትና በፊት የነበሩትን አማልክት እናመልካለን የሚሉ የሚጠሩበት የወል ስም ነው። የላቲኑ መሠረት «የገጠር ሰው»፣ በኛ ባላገር ማለት ነው። «አረማዊ» ደግሞ ሥሩ የአራም ሰው ነው፤ የሶርያ ክርስቲያኖች ላላመነው የሰጡት ስም ወደ ግዕዝ ገባ። ሁለቱም ሌላ ሰው የለጠፈው ስም ነው። ልዩነቱ ፔገኖች የመጀመሪያውን ወደው ወስደውታል፤ ሁለተኛውን ማንም ለራሱ አልመረጠውም። ጆሮም ላይ ከ«አረመኔ» አጠገብ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ «ፔገን» ብለሽ እንዳለ ተዪው። ለተከታዩ «ዊካዊ» ያስኬዳል።

ሆስፒታሉ ቢከራከርሽ ይህን ንገሪያቸው። በ1986 የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዊካ ሃይማኖት ነው ብሏል። ከ2007 ጀምሮም የዊካ ወታደር መቃብር ድንጋይ ላይ በክብ ውስጥ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይቀረጻል።

ፊደል ወዳጇ፦

እንዲህ አስገባዋለሁ፦ «ዊካ»፣ በሚቀጥለው መስመር «ፔገን (ሌላ)»። ቅንፍ ውስጥ ማብራሪያ አልጨምርም፤ ለኦርቶዶክስም አልተጨመረም።

አንድ ቃል ብቻ ቀረኝ። የጎብኚ ቀሳውስት ዝርዝር ላይ የማኅበራቸው ሴት መሪ አለች። ረቂቁ «ሊቀ ካህናት» ብሏታል።

የሸዋ ልጅ፦

እሱ የኛ ቤተ ክርስቲያን ማዕረግ ነው፤ ለሷም ለኛም አይሆንም። «የዊካ ማኅበር መሪ» በዪና ስልኳን ጻፊበት። ሌሊት ታካሚ ሲጠራት የሚፈለገው እሱ ነው።