የአሮጌ ላንድ ክሩዘር ባሌስትራና ሾክ አብዞርበር፦ ከየትኛው ልጀምር?

ጠያቂ፦ ባለ ሃርድቶፕ፣ ሀዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን የምጠይቅበት መኪና ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ፣ ኤችዜድጄ 75 የሚባለው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1994 ሞዴል ነው። ሞተሩ ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሲሆን እስካሁን አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ከሥር ያለው ነው። መኪናው ከሀዋሳ ተነስቶ በይርጋለምና በአለታ ወንዶ በኩል ወደ በንሳ ይመላለሳል፤ በቡና ወቅት እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያደርሳል፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል።

ከክረምቱ ወዲህ መኪናው ባዶውን ሲቆምም ሆነ ተጭኖ ከኋላ በግራ በኩል ዘንበል ማለት ጀምሯል። ኮረኮንች ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ ከኋላ «ጓ፣ ጓ» የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማኛል፤ ፍጥነት ስጨምር ድምፁ ይጠፋል ወይም በሌላው ጫጫታ ይዋጣል። አስፋልት ላይ ደግሞ ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስወርድ ቶሎ አይረጋም፤ ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሦስት ጋራዥ አሳይቼው ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንዱ አራቱንም ሾክ አብዞርበር ብቀይር ማዘንበሉም አብሮ ይስተካከላል አለኝ። ሁለተኛው ሾኩን ትቼ በኋላ ባሌስትራዎቹ፣ ማለትም መኪናውን በተሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ላይ አንድ አንድ ቅጠል እንዳስጨምር መከረኝ። ሦስተኛው ባሌስትራውን ፈትቶ፣ በእሳት አግሎ፣ እንደገና አጉብጦ ሊመልስልኝ ተስማማ፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማሠራት አቅሜ አይፈቅድም፤ ከጥቅምት በፊት ግን መኪናው ለሥራ መድረስ አለበት። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የሠራችሁ ሰዎች፣ ከየትኛው እንድጀምር ትመክሩኛላችሁ?


ምላሽ፦ የናፍጣ መካኒክ፣ አዳማ

ሦስቱ ባለሙያዎች የተለያዩት አንዳቸውም ሳይለኩ ስለተናገሩ ይመስለኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፤ ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፣ ሾክ አብዞርበሩ ክብደት አይሸከምም። የሾኩ ሥራ ባሌስትራው ታጥፎ ሲመለስ የሚፈጠረውን መወዛወዝ፣ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ወደ ሙቀት መለወጥና ማብረድ ነው። ስለዚህ አዲስ ሾክ ስለገባለት ቀና የሚል ያዘመመ መኪና የለም፤ በጋዝ የሚሞላው ዓይነት እንኳ የሚጨምረው ከፍታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የእርስዎ መኪና ማዘንበሉ የባሌስትራ ጉዳይ ነው፣ ከጉብታ በኋላ አለመርጋቱ የሾክ ጉዳይ ነው። ድምፁ ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል፤ በዝግታ ሲሄዱ መሰማቱ ግን መጀመሪያ ያለቀ ቡሽ (በባሌስትራው ጫፎች ቡሎኑን የሚያቅፈውን ጎማ) እንድጠረጥር ያደርገኛል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሜትር ይያዙ። ጭነቱን ያውርዱ፣ የግራና የቀኝ ጎማ አየር እኩል ያድርጉ፣ መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙት። ከዚያ ከቸርኬው መሃል ተነስተው ቀጥ ብለው እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን ይለኩ። ነዳጁ ምን ያህል እንደሆነም ይመዝግቡ፤ 90 ሊትር ናፍጣ 75 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ልኬቱን ሊያሳስት ይችላል። የፊት ግራው ባሌስትራ ቢሞት አካሉ በሙሉ ወደ ግራ ስለሚጋደም ጥፋቱ የኋላው ሊመስል ይችላል። ይህን ለመለየት ከፊት ያለውን የሻንሲ ተሻጋሪ ብረት በትክክል መሃሉ ላይ በክሪክ ጥቂት ያንሱት፤ ፊቱ በአንድ ነጥብ ላይ ሲንጠለጠል ኋላው ቀና ካለ ጥፋቱ የፊቱ ነው፣ እንደተጋደመ ከቀረ የኋላው ነው። ይህን ሲያደርጉ የኋላ ጎማዎች ይታገዱ፣ ከሥሩም ማንም አይግባ።

ቀጥሎ ባሌስትራውን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ቅጠል በቅጠል ይዩት። ስንጥቅ የሚወደው ቦታ የመሃል ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ አካባቢና የዋናው ቅጠል የተጠቀለለው ጫፍ ነው። የተሰነጠቀ ቅጠል ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል፤ ሁለቱ የተሰበሩ ፊቶች ሲፋተጉ ከጭቃው የሚለይ ቀይ ቡናማ ዱቄት ያወጣሉ። በዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር በሚያስረው የዩ ቅርጽ ቡሎን) እና በታችኛው ሳህን ዙሪያ የሚያብረቀርቅ የብረት ጭረት ካዩ ደግሞ ማሰሪያው ላልቶ አክስሉ ባሌስትራው ላይ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው፤ ይህ እስከ ጥቅምት የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ቡሹን ለመፈተሽ ሻንሲውን በመቆሚያ ላይ አሳርፈው፣ አክስሉን በክሪክ በጥቂቱ ደግፈው፣ በጫፍና በጫፍ ያሉትን መያዣዎች በረጅም ሌቫ ይነቅንቋቸው። የቡሹ ጎማ ካለቀ ብረቱ ከብረት ጋር ሲጋጭ በጆሮዎ ይሰሙታል፤ እርስዎ የሚሉት «ጓ» ያ ሊሆን ይችላል።

ሾኩን በተመለከተ፣ የመኪናውን ጥግ ተጭኖ መልቀቅ የሚባለው ፍተሻ ለትንንሽ የቤት መኪኖች ነው፤ ይህን የመሰለ ደረቅ ባሌስትራ በሰው ክብደት አይንበረከክም። የታችኛውን ማሰሪያ ፈትተው በእጅዎ ይግፉትና ይሳቡት። ደህና ሾክ በሁለቱም አቅጣጫ ወጥ በሆነ ጉልበት ይታገላል፤ መሃል ላይ ባዶ ሆኖ የሚያልፍ ቦታ ካለው ወይም ሲሳብ ካልታገለ አብቅቷል። አካሉ ላይ አቧራ የያዘ ቀጭን የዘይት ላብ ማየት ብቻውን አያስቀይርም፤ እስከ ታች የወረደና የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ይቀየር። የሚቀይሩት ደግሞ ጥንድ ጥንድ ነው፣ በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙን አብሮ፤ ባሌስትራውም እንዲሁ።

የቅጠል መጨመርን ነገር በቁጥር ላሳይዎት። የቅጠል ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቅጠሎች መካከል ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብታስገቡ፣ ያ አንዱ ቅጠል ከጎረቤቱ እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ሌሎቹ ታጥፈው ሳይጨርሱ እሱ ሸክሙን ስለሚወስድ ወይ ራሱ ይሰበራል ወይ ከላዩ ያለውን ይሰብራል። ተጨምሮለት ቀና ያለ መኪና ባዶውን ሲሄድ እንደ ጋሪ ስለሚዘል ሾኩም ቶሎ ያልቃል።


ምላሽ፦ ታቦር ሥር፣ ሀዋሳ

ከአዳማው ወንድማችን ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ማጉበጥን ከቅጠል መጨመር ጋር ደርቦ ማውገዝ እንዳይመጣ እሰጋለሁ። እዚህ ሀዋሳ ውስጥ ባሌስትራ በማጉበጥ የሚተዳደሩ፣ እጃቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች አሉ፤ የአይሱዙ ባለንብረቶች በየጊዜው ይመላለሱባቸዋል። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ቅጠሉን ሳያግሉ፣ በቀዝቃዛው በመዶሻ ወይም በፕሬስ በጥቂት በጥቂቱ የሚያጎብጡት የብረቱን ጠባይ አያበላሹትም። ቅጠሉ ካልተሰነጠቀና ከመጠን በላይ ካልሳሳ፣ አዲስ ባሌስትራ እስኪገዛ ድረስ አንድ የቡና ወቅት ቢያሻግር አያስገርምም። አዲስ መግዛት ለሁሉም ሰው እኩል አይቀልም።


ምላሽ፦ የናፍጣ መካኒክ፣ አዳማ

እርስዎ የሚሉት የቀዝቃዛው አሠራር ሲሆን ተቃውሞ የለኝም፤ ጠያቂው የተናገሩት ግን ስለ እሳት ነው። የባሌስትራ ብረት ጉልበቱን የሚያገኘው ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ እንደገና በ400 እና በ500 ዲግሪ መካከል ሲሞቅ ነው። በከሰል አግሎ አጉብጦ መሬት ላይ እንዲቀዘቅዝ መተው ያንን ሁሉ ያጠፋዋል፤ ቅርጹ ያምራል፣ ጭነት ሲያርፍበት ግን ተዘርግቶ ይቀራል። ግሎ በውሃ የተነከረው ደግሞ ይባስ ብሎ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ጠያቂው የሚያጎብጡላቸውን ሰው «በእሳት ነው ወይስ በቀዝቃዛው?» ብለው ይጠይቁ፤ በእሳት ነው ካላቸው ዋጋው ቢረክስም ይለፉት።


ጠያቂ፦ ባለ ሃርድቶፕ፣ ሀዋሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት ለካሁ፤ የኋላ ግራው ከቀኙ 3.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል፣ ፊቱ ግን እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ፊቱን መሃሉ ላይ ስናነሳውም ኋላው እንደተጋደመ ቀረ። ባሌስትራው ሲጸዳ ከላይ ሦስተኛው ቅጠል ከመሃል ቡሎኑ ጎን ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ቀዩ ዱቄትም ነበረ። የኋለኛው መያዣ ቡሾች በሁለቱም በኩል አልቀዋል። ከሾኮቹ ሁለቱ የኋላዎቹ ሲሳቡ አይታገሉም፣ የፊቶቹ ደህና ይመስላሉ። ስለዚህ የኋላውን ባሌስትራ ጥንድ፣ ቡሾቹንና የኋላ ሾኮችን ለመግዛት ወስኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ካልቀረስ መኪናውን 5 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ ባሌስትራ ባስገባ፣ በበንሳ መንገድ ላይ ጭቃው በጎማ ተቆፍሮ መሃሉ ሲያብጥ ዲፈረንሻሉ (በአክስሉ መሃል ያለው የጥርስ ቤት) እየተቀረቀረ የሚያስቸግረኝን አይፈታልኝም?


ምላሽ፦ ጠጠር መንገድ፣ ሀዋሳ

በቀጥታ ለመመለስ፣ አይፈታልዎትም። የመኪናዎ አክስል ከፊትም ከኋላም ወጥ ነው፤ ዲፈረንሻሉ የተንጠለጠለው በጎማዎቹ መካከል እንጂ በሻንሲው ላይ አይደለም። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ያለውን አካል ያነሳል፣ ዲፈረንሻሉ ግን ከመሬት ያለው ርቀት ያው ይሆናል። እሱን የሚያነሳው የጎማ ቁመት ብቻ ነው፤ እሱም በግማሹ፣ ማለትም ጎማው በ4 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ዲፈረንሻሉ የሚነሳው በ2 ሴንቲ ሜትር ነው። ጭቃው መሃሉ ላይ ሲያብጥ መፍትሔው አንዱን ጎማ እብጠቱ ላይ አውጥቶ መሄድ ነው፤ የዚያ መንገድ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ማንሳት ከሚያመጣቸው ጣጣዎች አንዱ በእኛ አገር ብዙም አይነገርም። በብዙዎቹ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ አካሉ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እየለካ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት የሚወስን ቫልቭ አለ። መኪናው ሲጫን ዝቅ ስለሚል ቫልቩ ለኋላው ተጨማሪ ፍሬን ይለቃል። ባሌስትራው ከፍ ካለ ግን ቫልቩ መኪናውን ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ስለሚቆጥረው፣ ሙሉ ጭነት ይዘው ቁልቁለት ሲወርዱ የኋላ ፍሬንዎ ሰንፎ ያገኙታል፤ የዘንጉ ማሰሪያ በዚያው ልክ መስተካከል አለበት። የኋላ ፍሬን የጎማ ቱቦ ርዝመትም አክስሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ መታየት ይኖርበታል፤ ሾኩም ለአዲሱ ከፍታ የተሠራ ረጅሙ ዓይነት መሆን አለበት፣ አለዚያ ከባሌስትራው በፊት እሱ ተወጥሮ ይበጠሳል። በእኔ ግምት ለእርስዎ ሥራ የሚበቃው የፋብሪካውን ከፍታ የጠበቀ፣ ለጭነት የተሠራ ባሌስትራ ነው። ሲገዙ «ለባዶ ነው፣ ለመካከለኛ ጭነት ነው ወይስ ለከባድ?» ብለው መጠየቅዎን አይርሱ፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው ለሚያመላልስና በወቅቱ ብቻ ቡና ለሚጭን መኪና መካከለኛው ይስማማል።


ምላሽ፦ የናፍጣ መካኒክ፣ አዳማ

ስለ ማንሳቱ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ገጠማው ብቻ ነው። መለዋወጫውን ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሲያስመጡ ዩ ቦልቶቹንና ዳዶዎቹን አዲስ ይግዙ። አንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል የጠበቀ ዩ ቦልት ስለሚለጠጥ ዳግመኛ እኩል አይዝም፤ ከባሌስትራው ዋጋ ጋር ሲነጻጸርም ትንሽ ነገር ነው። የቆዩት ዳዶዎች በዝገት ተጣብቀው እምቢ ካሉ ብዙ ሳይታገሉ በግራይንደር ይቁረጧቸው።

የመሃል ቡሎኑ ራስ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል ሳይቀመጥ ዩ ቦልቱ እንዳይጠብቅ፤ ካልተቀመጠ አክስሉ ጠምሞ ይታሰርና መኪናው በጎኑ እየሄደ ጎማ ይበላል። ዩ ቦልቱን አራቱን ጫፎች በማፈራረቅ፣ ማንዋሉ በሚለው ኃይል ያጥብቁት። በባሌስትራው ጫፎች ያሉትን የቡሽ ቡሎኖች ግን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ላላ አድርገው ያስገቧቸውና የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ሲያርፍበት ያድርጉት። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ስለሚቀር በአጭር ጊዜ ይበጣጠሳል። አዲስ ቡሽ ቶሎ አለቀ ብለው የሚያማርሩ ብዙዎች ጣጣቸው ከዕቃው ሳይሆን ከዚህ ነው።

ሾኩ ካርቶን ውስጥ ተጋድሞ ስለሚከርም አየሩ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ከመግጠምዎ በፊት እንደሚገጠምበት አቅጣጫ ቀጥ አድርገው አቁመው፣ ባዶነቱ ጠፍቶ ወጥ እስኪሆን ድረስ እስከ ጫፍ ይሳቡት ይግፉት። ዳዶው ሲጠብቅ አብሮ እንዳይዞር ብሎ የሚያብረቀርቀውን የሾክ ዘንግ በፒንሳ የሚይዝ ሠራተኛ ካዩ ያስቁሙት፤ ያ ጭረት የዘይት ማኅተሙን ይቆርጠዋል። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ወደ ጋራዡ ተመልሰው ዩ ቦልቶቹን እንደገና ያስጠብቁ፤ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሲቀማመጡ ማሰሪያው መላላቱ አይቀርም።