የፖርትሬት ውድድር ላይ ሰው ድምፅ የሚሰጠው ለፎቶው ነው ወይስ ለፊቱ?

ጥላና ብርሃን፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ በነበረው የአማተር ፖርትሬት ውድድር ተሳትፌ ነበር። ያስገባሁት መርካቶ አካባቢ በርጩማ የሚሠሩ አንድ አባት ፎቶ ነው። በበሩ በሚገባ ብርሃን፣ ግማሽ ፊታቸው በርቶ ግማሹ ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ ሽበታቸው ላይ የእንጨት ብናኝ አርፎበት። ለዚች ፎቶ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ያገኘሁት 11 ድምፅ ነው። ያሸነፈችው አበባ የያዘች ቆንጆ ልጅ ናት፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ብዥ ብሎ፣ ቆዳዋ በፊልተር እንደተላጠ እንቁላል ለስልሶ። ልጅቷ ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ግን የተመረጠው ፎቶው ነው ወይስ እሷ? እኔን ደግሞ «ፊታቸው ጨልሟል፣ ፍላሽ የለህም እንዴ?» ያለኝ አለ። የኔ ፎቶ ከሆነ ችግሩ ሳታፍሩ ንገሩኝ።

ቡና ጠጡ፦
ትንሽ ቅናት ሸተተኝ 😀 እኔ ለልጅቷ ነው የሰጠሁት። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ፣ ስልኬ ላይ፣ ከ30 ፎቶ ጋር ተደርድሮ ነው ያየሁት። ያንተ ጥቁር ነገር ብቻ ሆኖ ታየኝ፣ አለፍኩት። አሁን ስትናገር ከፍቼ አሰፋሁትና ብናኙን አየሁት። ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ግን ማን አስፍቶ ያያል?

የድሮ ስቱዲዮ፦
ልጄ፣ ሰዉን አትቀየም። ይህን ጣዕም ያስለመድነው እኛ ባለ ስቱዲዮዎቹ ነን። ደንበኛ መጥቶ «ቀላ አርገኝ» ሲል እሺ ብለን ቀላ ስናደርግ ኖረናል። ነገሩ ከኛም ይቀድማል። ፊልም አምራቹ ኮዳክ የቀለም ማስተካከያ ካርዶቹ ላይ ለረጅም ጊዜ ያስቀምጥ የነበረው ነጭ ሴት ነበር፣ «ሸርሊ» ይሏታል፣ ጠይም ፊት እንዴት እንደሚወጣ ያኔ የሚያስብ አልነበረም። ሌላ ደግሞ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ለሰዎች የራሳቸውን ፎቶ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን እንደ መስታወት ገልብጠው አሳዩዋቸው። ባለቤቶቹ ወደ ተገለበጠው አደሉ፣ ጓደኞቻቸው ወዳልተገለበጠው። ሁሉም ዓይኑ የለመደውን ነው የሚወደው። እኔ ጋ ፎቶ ተነስቶ «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብሎ ብር አልከፍልም ያለኝን ሰው ብትቆጥረው አያልቅም።

ሌንስ በቦርሳ፦
እኔ አንድ ሁለቴ ዳኛ ሆኛለሁና አንድ የማይመችህ ነገር ልንገርህ። የኛም ዓይን ንጹሕ አይደለም። የተሸበሸበ ፊት፣ ሽበት፣ ጥቁርና ነጭ ካየሁ እጄ ሳላስበው ወደ 9 ይሄዳል፣ በኋላ ረጋ ብዬ ሳየው አንዳንዱ ብርሃኑ ምንም፣ ፎከሱ አፍንጫ ላይ፣ ሽማግሌው ብቻ ናቸው ያሸነፉልኝ። ያው አበባ እንደያዘችው ልጅ ማለት ነው፣ የኛ አበባ ሽበት ሆነ እንጂ። ያንተን ግን አስፍቼ አይቼዋለሁ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ዓይን ግን ጠፍቷል። ከበሩ ትይዩ፣ በጥላው በኩል ነጭ ነጠላ ዘርግተህ ትንሽ ብርሃን ብትመልስበት ይወጣ ነበር። ካልሆነ የክረምት ደመና ጠብቅ፣ ጅማ ላይ ደመና አይጠፋም፣ ብርሃኑን በነፃ ያለሰልስልሃል። ደግሞ አዘጋጆቹ የአንሺውን ስም ደብቀው ቢለጥፉ ቢያንስ የጓደኛ ድምፅ ይቀንስ ነበር።

ጥላና ብርሃን፦
የዓይኑ ነገር ልክ ነሽ፣ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ፎቶውን አሳትሜ ለአባባ ወሰድኩላቸው። መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። «ልጄ፣ ግራ ጉንጬን ምን በላው?» አሉኝ። ከዚያ በስልኬ የልጅቷን አሳየኋቸው። ድምፃቸው ለሷ ነው።