ረጅም የአር ስክሪፕትን በክፍል ለማደራጀትና ይዘቱን አሳጥሮ ለማውጣት የትኛው አድ-ኢን ይሻላል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በጅማ በቡና ጥናት ላይ የተሰማራን ጥቂት ባለሙያዎች ከማና፣ ከጎማና ከሊሙ ኮሳ ወረዳዎች የተሰበሰበውን መረጃ የምንተነትንበት አንድ የአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ስክሪፕት አለን፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከሁለት ሺህ መስመር በላይ ሆኗል። መረጃው የሚጸዳበት፣ ሞዴሉ የሚሠራበትና ግራፉ የሚዘጋጅበት ኮድ ስለተደበላለቀ አዲስ የሚመጣ ባልደረባ ሁሉንም ለማንበብ ይገደዳል። የአር ኮድ በሚጻፍበት ፕሮግራም በአር ስቱዲዮ ኮዱን በክፍል የሚያደራጅ፣ የክፍሎቹንም ዝርዝር ለአማካሪያችን አትመን እንድንሰጥ የሚያስችል አድ-ኢን (በፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ብትጠቁሙን እናመሰግናለን።

መልስ 1
አድ-ኢን ከመጫንዎ በፊት አር ስቱዲዮ ራሱ ያለውን ይሞክሩ። በ# የሚጀምር ኮሜንት (ለአንባቢ ብቻ የሚጻፍ፣ እንደ ኮድ የማይሠራ ማስታወሻ) በመጨረሻው ቢያንስ አራት ሰረዝ (----) ካለው ፕሮግራሙ መስመሩን የክፍል ርዕስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና የO ፊደልን ቁልፎች አብረው ሲጫኑ የርዕሶቹ ዝርዝር ከኮዱ ጎን ይከፈታል፤ አንዱን ርዕስ ሲነኩም ወደ ቦታው ይወስድዎታል። ርዕሶቹ ተራ ኮሜንት ስለሆኑ በሌላ ኤዲተር ለሚከፍተውም ሰው ይነበባሉ።

መልስ 2
ይህ በኮዱ ውስጥ ለመዘዋወር በቂ ነው፤ አትሞ ለመስጠት ግን አይመችም። ስትርኮድ (strcode) የተባለው ፓኬጅ፣ ማለትም በአር ላይ የሚጫን የፈንክሽኖች ስብስብ፣ ለዚሁ የተሠራ ነው። ከአድ-ኢን ዝርዝሩ ሲመርጡት በሦስት እርከን የተለያዩ መለያ መስመሮችን ከነርዕሳቸው ያስገባል፤ ማሳጠሪያ ፈንክሽኑ ደግሞ ኮዱን ትቶ ርዕሶቹን ብቻ በመልቀም ለብቻቸው ያወጣቸዋል። የሚጫነው ከኮድ ማጋሪያው ድረ ገጽ ከጊትሃብ ነው። ደጋግመው ስለሚጠቀሙበት ከቱልስ ሜኑ ገብተው አቋራጭ ቁልፍ ቢሰጡት ይመከራል።

አጥብቄ የማሳስበው ግን ፈንክሽኑ ኮዱ ምን እንደሚሠራ አይረዳም፤ እርስዎ የጻፉትን ርዕስ ብቻ ያነባል። «ሞዴል 2» የሚል ርዕስ ለአማካሪዎ ምንም አይነግራቸውም፤ «የዝናብ መጠንና የቡና ምርት ግንኙነት በወረዳ» የሚለው ግን ኮዱን ሳይከፍቱ ሥራውን ያሳያቸዋል።

መልስ 3
በሁለቱም መልሶች እስማማለሁ፤ ሆኖም ይህን ያህል የረዘመ ስክሪፕት በርዕስ ብቻ መፍትሔ ያገኛል ብዬ አላምንም። ርዕሶቹን ካስገባችሁ በኋላ ዝርዝሩን አትማችሁ በጋራ ተመልከቱት፤ የማጽጃው፣ የሞዴሉና የግራፉ ክፍሎች የት እንደሚለያዩ ስትስማሙ በየራሳቸው ፋይል አስቀምጡና 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ በሚሠሩበት ቅደም ተከተል ሰይሟቸው።