የውስኪ በርሜል ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል? የሞከረ ካለ ይምከረኝ

የሎንዶኑ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ወር እቁብ ደረሰኝ። ፌስቡክ ላይ የውስኪ በርሜል ማስታወቂያ አይቼ ስልክ ቁጥሬን ሞላሁ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰውዬ በየሁለት ቀኑ ይደውልልኛል። በ4,500 ፓውንድ አንድ በርሜል ግዛ፣ ስኮትላንድ መጋዘን ውስጥ ይቀመጥልሃል፣ በአስር ዓመት እጥፍ ይሆናል ነው የሚለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 አርድቤግ የሚባል የስኮትላንድ ውስኪ ፋብሪካ አንድ በርሜል 16 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ የሚል ዜናም ላከልኝ። ዋጋው እስከ ዓርብ ብቻ ነው ብሏል። ባለቤቴ ነገሩ አላማራትም። እኔ ደግሞ ባንክ ተኝቶ ከሚቀር እያልኩ ነው። ምን ትላላችሁ?

ግላስጎ ነኝ፦
ወንድሜ፣ የአርድቤጉ ወሬ እውነት ነው። ግን እሱ በ1975 የተሞላ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ውስኪ ነው። ላንተ የሚሸጡልህ ገና ከጋኑ የወጣ አዲስ አልኮል ነው፣ ስኮትች ለመባል እንኳ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት እዚሁ ስኮትላንድ መቀመጥ አለበት።

ሲቆይ ዋጋው ይጨምራል፣ አልክድም። ግን በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ ገደማ በእንጨቱ በኩል ይተናል፣ እዚህ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። የአልኮሉ ኃይልም እየወረደ ይሄዳል፣ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ስኮትች ብለህ መሸጥ አትችልም። ስለዚህ መግዛትህ ካልቀረ ሪጌጅ ይሰራልኝ በል። መጋዘኑ በርሜሉን ከፍቶ ስንት ሊትር እንደቀረና ስንት በመቶ አልኮል እንዳለው ለክቶ ይጽፍልሃል። የበርሜሉንም ዓይነት ጠይቅ፤ ቦርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) የነበረበት 200 ሊትር ገደማ ነው፣ ሼሪ (የስፔን ወይን) የነበረበት ትልቁ 500 ይይዛል።

እናት ዓለም፦
እኔ በ2021 ሁለት በርሜል ገዝቻለሁ። ማኅተም ያለበት የሚያምር ሰርተፊኬት ላኩልኝ፣ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ልሽጠው ብዬ መጋዘኑ ጋ ደወልኩ። በርሜሎቹ አሉ፣ በእኔ ስም ግን አይደሉም። የመጋዘኑ ሴትዮ ሰርተፊኬቱን ልኬላት አይታ ይሄ እኛ ጋ ምንም ዋጋ የለውም አለችኝ። የሸጠልኝ ድርጅት ስልክ አያነሳም። የስንት ዓመት ሌሊት ፈረቃ ገንዘቤ ነው። እባክህ ወንድሜ አትቸኩል።

አካውንታንቱ፦
እህቴ አይዞሽ። የሎንዶን ሲቲ ፖሊስ በዚህ ጉዳይ በርሜል ሻጭ ድርጅቶችን ሲመረምር ነበር፣ ቢቢሲም በ2025 አንድ በርሜል ለብዙ ሰው እንደተሸጠ አጋልጧል፣ ስለዚህ ያለሽን ወረቀት በሙሉ ይዘሽ አመልክቺ።

የሎንዶኑ፣ ዋናው ነገር እሷ ያለችው ነው። ባለቤት የሚያደርግህ ሰርተፊኬት አይደለም። ዴሊቨሪ ኦርደር የሚባል ወረቀት አለ፤ የበርሜሉ ባለቤት ለመጋዘኑ "ይህን በርሜል ወደ እገሌ አዛውሩ" ብሎ የሚጽፈው ነው፣ መጋዘኑ ተቀብሎ መዝገቡ ላይ ስምህን ሲያሰፍር ነው ያንተ የሚሆነው። የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ኤፍሲኤ የበርሜል ሽያጭን አይቆጣጠርም፣ ድርጅቱ ቢጠፋ ካሳ የሚከፍልህ የለም። የመጋዘን ኪራይና ኢንሹራንስም አለ። ጠርሙስ አስሞልተህ ላውጣው ካልክ ቀረጡና ቫቱ ያኔ ይመጣብሃል፣ ቀረጡ ብቻ በአንድ ሊትር ንጹህ አልኮል ከ31 ፓውንድ በላይ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ውሉ የፋብሪካውን ስም ጠርሙሱ ላይ እንዳትጽፍ ይከለክልሃል።

ገበያውም ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሄድም። በ1983 ውስኪ ከመጠን በላይ ተከማችቶ እነ ፖርት ኤለንና ብሮራ የሚባሉ የውስኪ ፋብሪካዎች ተዘግተው ነበር። ዛሬ ስኮትላንድ ውስጥ ወደ 22 ሚሊዮን በርሜል ተኝቷል። የእኔን አንዷን ማን ይገዛልኛል ብለህ ሰውዬውን ጠይቀው።

የሎንዶኑ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሲደውል የመጋዘኑን ስምና የበርሜሉን ቁጥር ጠየቅኩት። መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ይላክልሃል አለኝ። እኔ ራሴ መጋዘኑ ጋ ልደውል ስለው ተቆጣ። አልከፈልኩም። እናት ዓለም፣ የማመልከቻውን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ከፈለግሽ እኔ አለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።