በሁለት ዳኞች በሚመራ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ የት እንቁም? ለተቆጣ አሰልጣኝስ ምን እንመልስ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትሬል (ከአጥቂዎቹ ኋላ የሚቆመው ዳኛ) ሆኜ ስዳኝ ተከላካዩ ኳሱን ይንካ ወይም የአጥቂውን እጅ ይምታ ለመለየት እቸገራለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚታየኝ የአንዳቸው ጀርባ ብቻ ነው። ወዲያው አሰልጣኙ ከወንበሩ ተነሥቶ ይጮኽብኛል። የት ልቁም? እስከ ምን ድረስስ ልታገሠው?

መልስ 1፦
ችግሩ የርቀት ሳይሆን የማዕዘን ይመስለኛል። ሁለቱ ተጫዋቾችና እርስዎ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ከሆናችሁ የቱንም ያህል ቢጠጉ የሚያዩት ጀርባ ነው፤ በአንጻሩ ወደ ጎን አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ቢወስዱ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይከፈትልዎታል፣ እጅ ከኳስ በፊት የት እንዳረፈም በግልጽ ይታያል። ተጫዋቹ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር እርስዎም ቦታዎን ያስተካክሉ። ኳስ ሲወረወር ደግሞ ወደኋላ ለመሮጥ አይቸኩሉ፤ የኳሱን በረራና መግባቱን የሚከታተለው ትሬል ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ሪባውንዱን (ሳይገባ የተመለሰውን ኳስ ለመያዝ የሚደረገውን ትግል) ከውጭ በኩል መመልከት ይኖርብዎታል። ከቅርጫቱ ሥር የሚደረገውን ግፊያ ለሊዱ (ከቅርጫቱ አጠገብ በመጨረሻው መስመር ላይ ለሚቆመው ዳኛ) ይተዉለት፤ ሁለታችሁም ኳሱን ተከትላችሁ ካያችሁ ግን ከኳስ ውጭ ያሉትን ተጫዋቾች የሚያይ ይጠፋል።

መልስ 2፦
ስለ አሰልጣኙ ልጨምር። በፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ከአሰልጣኞች መካከል ከዳኛ ጋር መነጋገር የሚችለው ዋናው አሰልጣኝ ነው፣ ያውም በአክብሮት፤ ረዳቱ ሲናገር መልስ መስጠት አይጠበቅብዎትም። ዋናው አሰልጣኝ ከጠየቀ ጨዋታው ሲቆም በአጭሩ ይመልሱለት። «እጁ ተመትቷል እኮ!» ቢልዎ፣ «ከቆምኩበት የታየኝ ኳሱ መነካቱ ነው» ማለት ይበቃል። ያላዩትን አየሁ አይበሉ፤ አሰልጣኞች ይህን በቀላሉ ይለያሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚነግሯቸውን አያምኑም። ጣት አይቀስሩ፣ ድምፅም ከፍ አያድርጉ። ጥያቄው ወደ ተደጋጋሚ ቅሬታ ከተለወጠ አንድ ጊዜ በግልጽ ያስጠንቅቁት፤ ማስጠንቀቁንም ለባልደረባዎ ይንገሩ። ከቀጠለ ቴክኒካል ፋውል (ለሥነ ምግባር ጉድለት የሚመዘገብ ጥፋት) ይስጡ፦ ቅጣቱ አንድ ነፃ ውርወራ ነው፤ በራሱ ጥፋት ሁለት ከተመዘገበበት ከጨዋታው ይሰናበታል።

መልስ 3፦
ከመልስ 2 ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ዳኛውን በግል የሚሰድብ ወይም እየተቃወመ ሜዳ ውስጥ የሚገባ አሰልጣኝ ማስጠንቀቂያ የሚጠበቅለት አይመስለኝም። ቴክኒካሉን የሰጠው ዳኛም ለጠረጴዛው (ነጥብና ጥፋት ለሚመዘግቡት) ካመለከተ በኋላ ከአሰልጣኙ ወንበር ራቅ ብሎ ቢቆምና በአቅራቢያው ባልደረባው ቢሆን፣ ንዴቱ ሳይባባስ ጨዋታው ይቀጥላል።