የውጅግራ ቀልህ እንደገና ሊሞላ ይችላልን?

ጠያቂ፣ ከቢቸና፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ የወረስነው ውጅግራ ጠመንጃ ከጥቂት ባዶ ቀልሆች (የተተኮሱ ጥይቶች የናስ ቀፎዎች) ጋር ቤታችን ይገኛል። የቀድሞ ሰዎች ቀልሁን ሰብስበው ባሩድና እርሳስ እየሞሉ ደግመው ይተኩሱበት እንደነበር ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ዛሬስ ይህን በቤት ውስጥ መጀመር ይቻላልን?

መላሽ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ወንድሜ፣ የሽማግሌዎቹ ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን እርስዎ እንዲሞክሩት አልመክርም። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስና ለጥቁር ባሩድ የተሠራ መሣሪያ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበን ከተባለው ሌላ የፈረንሳይ ጠመንጃ ጋር የመጣ ሲሆን፣ በጥቁሩ ልክ ተሰፍሮ በውጅግራ ቀልህ ቢገባ የሚፈጥረው ግፊት እጅግ ስለሚበልጥ ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። የቀልሁ ናስም ከዘመን ብዛት ይደርቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም።

ሌላ መላሽ፣ ከዳንግላ፦ በዚህ ላይ የሕጉ ጉዳይ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የወሰነ በመሆኑ፣ ውርስ ነው ማለት ብቻውን አያድንም፤ አስቀድመው በአካባቢዎ ፖሊስ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ያልተተኮሱ ሁለት ጥይቶችም አሉ፤ ምን ላድርጋቸው?

መላሽ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እንዳይፈቱዋቸው፤ ከቀልሁ ሥር ያለው ማቀጣጠያ ቢያረጅም ሊነሳ ይችላል። ከእሳትና ከልጆች አርቀው ለፖሊስ ያሳውቁ፤ እነርሱ መጥተው ቢወስዷቸው ይሻላል።